የነዕማ የቀርከሃ አልጋ

ሚኒባሱ ከአሶሳ መናኸሪያ ሲወጣ የልጅ ልጄን ራስ ደረቴ ላይ አስደግፌ፣ የመስኮቱን ነፋስ በነጠላዬ ጫፍ ከልዬ፣ ወደኋላ ላለማየት ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ዞሬ ባይ ሆስፒታሉ የሚከተለን ይመስለኝ ነበር። ሕንጻ እግር አውጥቶ ሰው ሲከተል ታይቶ አይታወቅም፤ እኔ ግን ያን ጧት ይከተለናል ብዬ ፈርቻለሁ።

“እምዬ፣ ዶክተሩ ጠብቁኝ ብለውን አልነበር?” አለች ሰሎሜ፣ አገጯን ሳታነሣ።

“ዝም በይ የኔ ዓለም። ጭምብልሽን ሳብ አድርጊው፣ ሰዉ ያስላል።”

“የት ነው የምንሄደው?”

“ቤታችን፣ ሆሞሻ ነዋ። ሌላ የት ቤት አለን?”

ጊዜው የሁለት ሺህ ዐሥራ ሦስት ግንቦት ነው። ሰው ሁሉ አፉን በጨርቅ ሸፍኖ የሚሄድበት፣ የመተከል መንገድ የተዘጋበት፣ ስልክ “የደወሉላቸው ደንበኛ” ከማለት በቀር ሌላ ቃል የረሳበት ዘመን። ልጄ ወሰን ድባጤ ነው የተዳረችው። ያ ክፉ ጊዜ ሲመጣ እሷ በሆዷ ፅንስ ይዛ፣ ሰሎሜ ደግሞ ትንሽ ወንድሟን በጀርባዋ አዝላ፣ ጫካ ለጫካ ወጡ። መጠለያ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ከረሙ። ኋላ አገር ዞሮ ከሚመጣ ዘመድ ጋር ልጅቷን ላከችልኝ። መልእክቷ አጭር ነበር፤ “እናቴ፣ ሰሎሜን አደራ። ቀጥ ብላ እንደ መጣች ቀጥ ብላ ትመለስልኝ።”

ቀጥ ብላ! ከዚያች ቃል ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር በጎኔ አላለፈም።

መጀመሪያ “ጀርባዬን” ስትል፣ ወንድምሽን ስላዘልሽ ነው እያልኩ በለጋ ቅቤ ሳሻት ከረምኩ። ከዚያ ማታ ማታ ላብ ያጠምቃት ጀመር። ከዚያ መሬት የወደቀ ነገር ስታነሣ እንደ ሌላው ልጅ ጎንበስ ማለቱን ተወች፤ ጀርባዋን እንደ ምሰሶ አቁማ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ በእጇ ጭኗን ይዛ ቁጢጥ ትላለች። ውኃ ይዛ ብትሄድ እንኳ አይፈስም ነበር። ከዚያ በሁለቱ ትከሻዋ መሐል ዝቅ ብሎ፣ እንደ ለውዝ ፍሬ የምታህል ጉብታ በጣቴ አገኘሁ። በጣቴ ነው ያገኘኋት፤ በዓይኔ ባላያትም ዛሬም ድረስ ጣቴ ላይ አለች።

ይህን ሁሉ ያን ዕለት ጧት ለዶክተር ዲንሳ ነገርኩት። የባምባሲ ልጅ ነው፣ ጢሙ ገና ያልጠነከረ፣ ሰው አክባሪ። ወንበሩን ለኔ ለቆ እሱ ቆመ። ከግድግዳው ምስማር ላይ ከፕላስቲክ የተሠራ የሰው አከርካሪ ተንጠልጥሎ ነበር፤ እሱን አወረደና በሁለት እጁ እንደ ሕፃን ታቅፎ አሳየኝ።

“እማማ፣ አከርካሪ አንድ ወጥ አጥንት አይደለም። እንደ ቀርከሃ አንጓ በአንጓ ነው። ለዚህ ነው የምንጎነበሰው፣ የምንዞረው። በየአንጓው መካከል እንደ ትራስ ያለ ለስላሳ ነገር አለ፤ አጥንት ከአጥንት እንዳይፋጭ። በውስጡ ደግሞ ህብለ ሰረሰር የሚባል ገመድ ይወርዳል። እግራችን የሚታዘዘው በዚህ ገመድ ነው።”

እኔ አከርካሪውን እያየሁ ሌላ ነገር ነበር የማየው። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ከወሎ ስንሰፍር፣ አውቶቡሱ አሶሳ አካባቢ ሲደርስ መጀመሪያ የታየኝ የቀርከሃው ጫካ ነው። ጭጋግ ውስጥ ቆሞ፣ ቀጥ ብሎ፣ አንጓ በአንጓ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ባለቤቴን ይገረምን “እዚህ አገር አጥር ነው እንዴ የሚያበቅሉት?” አልኩት። ያን ያህል ረኀብ ላይ ሆኖ ሳቀብኝ።

ዲንሳ የራጅ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አነሣው። የልጄ ልጅ ጀርባ በጥቁር ሰማይ ላይ እንደ ደመና ተንሳፍፎ ታየ። ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈ። “እዚህ ጋ ሁለቱ አንጓዎች ፊት ለፊት የሚተያዩበት ጠርዝ ተበልቷል። መሐል ያለው ትራስም ሟምቷል። ለዚህ ነው ወደፊት መጉበጥ የጀመረችው።”

“ምን በላው?” አልኩት። ቀርከሃን ነቀዝ እንደሚበላው አውቃለሁ፤ ከላይ ደኅና ይመስላል፣ ሲመቱት ዱቄት ይተፋል።

ልጁ ፊልሙን ዝቅ አደረገ። ለእኔ ለአሮጊቷ የሚሆን ቃል እየፈለገ እንደ ነበር አሁን ይገባኛል። ከዚያ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ የተማረውን ንጹሕ አማርኛ አወጣና፣

“ነቀርሳ ነው እማማ። የአከርካሪ ነቀርሳ” አለኝ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ጋዜጣ ባገኝ አነባለሁ፣ ሬዲዮ አዳምጣለሁ። ነቀርሳ ምን እንደ ሆነ ሬዲዮ ሳይነግረኝ በፊት ቤቴ ገብቶ ነግሮኛል። ይገረም ጉሮሮው ላይ የወጣበት እሱ ነው። አዲስ አበባ ወሰድነው፤ ቆዳውን በጨረር አከሰሉት፤ መጨረሻ ላይ ሳጥን ውስጥ ሆኖ በመኪና ጣሪያ ተመለሰልኝ። ስለዚህ ያቺን ቃል ስሰማ ጆሮዬ ተዘጋ። የዲንሳ ከንፈር እንደ ዓሣ አፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል። አልፎ አልፎ አንዳንድ ቃል ብቻ ሾልኮ ይገባል፤ “እንዳትታሽ”፣ “እንዳትሸከም”፣ “መታጠቂያ”፣ “እግሯ ከደነዘዘ ቶሎ”። ከዚያ “መታጠቂያ የሚሠራውን ሰው ልጥራው፣ ልኳን ይውሰድ፣ ጠብቁኝ” ብሎ ወጣ።

እኔ ደግሞ ልጅቷን ይዤ በሌላው በር ወጣሁ። ምን ላድርግ? ሰው መሐል፣ በማታውቀው አልጋ ላይ፣ እንደ ይገረም ከምታልቅብኝ፣ ቤቷ ተኝታ፣ ጠበል ጠጥታ፣ እጄን ይዛ ትሁን አልኩ። ስለ እናቷ አላሰብኩም ብል ውሸት ነው። ስለ እናቷ ብቻ ነበር የማስበው።

*

ሚኒባሱ የአስፋልቱን ጫፍ ጨርሶ ጠጠሩ ላይ ሲወጣ መንጠር ጀመረ። በነጠረ ቁጥር ሰሎሜ ከንፈሯን ትነክሳለች። እኔ እጄን በወንበሩና በጀርባዋ መካከል ከትቼ ትራስ ሆንኩላት። ዝናብ ከጧት ጀምሮ ይመጣል አይመጣም እያለ ነበር፤ አየሩ የበሰለ ማንጎ ይሸታል፤ ዛፉ፣ መንገዱ፣ ሰዉ ሁሉ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል።

“ሐቦባ! አንተ ነህ?”

ከኋላ ወንበር ነው። ሆሞሻ ገበያ ጎኔ ተቀምጣ ማንጎ የምትሸጠው ኸድራ ናት። የበርታ ሴት ናት፤ አያት ማለት በእነሱ ሐቦባ ነው። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፣ ሁላችንንም “አንተ” ነው የምትለን። ድፍን የሆሞሻ ሴት ከእሷ ጋር ሲሆን ወንድ ይሆናል፣ ማንም አይቀየምም።

“እኔ ነኝ ኸድራ።”

“ምነው ፊት ወደቀ? እኔ ደስ ብሎኛል ዛሬ። ላይ አይተሃል? ዐንገሬብ ገዝቻለሁ፣ ለነዕማ! አልጋ! ጥሩ ቀርከሃ፣ አሶሳ የተሠራ። ሙሽራ መሬት አይተኛም።”

ነዕማ ልጇ ናት። ሠርጓ ደርሷል። የአልጋው እግር ከሚኒባሱ ጣሪያ በመስኮቱ አናት ላይ ተንጠልጥሎ እኔም አይቼው ነበር።

“እንኳን ደስ አለሽ” አልኩ፣ ድምፄ ተሰብሮ።

ኸድራ ሰው ታነባለች። በወንበሩ አናት ላይ ጎንበስ ብላ ጆሮዬ ሥር መጣች። “ሰሎሜ ነው? ሐኪም ምን አለ?”

ልጅቷ እንዳትሰማ በአፌ ሳይሆን በትንፋሼ ነገርኳት። “ነቀርሳ ነው አለኝ።”

ኸድራ ቀና አለች። ሁለት መዳፏን ወደ ሰማይ ዘረጋችና ሚኒባሱ ሙሉ እስኪሰማ፣

“አልሐምዱሊላህ!” አለች።

እግዚአብሔር ይይላት ብዬ ልረግማት አፌን ከፈትኩ። “ምን? ምን አልሽ አንቺ? ልጄ ልትሞትብኝ አልሐምዱሊላህ?”

“ለምን ይሞታል? ነቀርሳ ነው አልክ አይደል?”

“አዎ፣ ነቀርሳ!”

“ኻሚስም ነቀርሳ ነበረ! የኔ ባል! ሳንባ ነቀርሳ። ደም ተፋ። ቀጭን ሆነ፣ እንደ ሸምበቆ። ጤና ጣቢያ ሄደ፣ ኪኒን በላ፣ ብዙ ወር በላ፣ ተወ። አሁን አየኸው አይደል? ሆዱ ከኔ ቀድሞ ቤት ይገባል!”

ከፊት የተቀመጠ ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ኻሚስን አውቀዋለሁ፤ ሆዱንም አውቀዋለሁ። ግን የኻሚስ በሽታ ሌላ፣ የይገረም ሌላ አይደለም እንዴ? እንዴት አንድ ስም ይኖራቸዋል?

“ይገረምን የገደለው ነቀርሳ ነው” አልኳት።

“እሱ ሰረጣን ነው” አለች ኸድራ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “አላህ ይጠብቀን። የኻሚስ ሱል ነው። ሱል ሌላ፣ ሰረጣን ሌላ። እናንተ ለምን አንድ ስም ሰጣችሁት? ሰው ይሞታል እንዲህ!”

የኔ አማርኛ፣ የእናቴና የአያቴ፣ ያደግኩበት አማርኛ፣ ሁለት በሽታ በአንድ ከረጢት ከትቶ ሰጥቶኝ ኖሯል። እሷ ደግሞ ከእኛ የተዋሰችው አማርኛ ጎዶሎ ስለሆነ፣ በራሷ ቃል ከረጢቱን ፈትታ ውስጡ ያለውን ለይታ ታውቃለች።

ያም ሆኖ የትኛው ነው? ዲንሳ የትኛውን ማለቱ ነው? ኸድራም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ።

“ይድናል ብለው ነበር እኮ” አለች ሰሎሜ።

ሁለታችንም ወደ እሷ ዞርን። ስታዳምጠን ነበር፤ ሁልጊዜም ታዳምጣለች።

“ማን?”

“ዶክተሩ። አንቺ መስኮቱን ስታይ ነበር። መድኃኒቱን ዓመት ያህል ትወስዳለች፣ መታጠቂያ ታደርጋለች፣ ትድናለች አሉ።”

“ለሕፃን እንዲህ ይባላል የኔ ልጅ” ልላት አሰብኩ፤ አላልኩም። መኪናው አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ወጣ። ልጅቷ ትንሽ ጮኸች።

“እምዬ፣ ጫማዬ ወለቀ እንዴ?”

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሁለቱም እግሯ ላይ ናቸው፣ እኔው ያሰርኳቸው ማሰሪያ እንደ ታሰረ ነው።

“አልወለቀም።”

“የለም መሰለኝ” አለች። “እግሬ ላይ ምንም የለም መሰለኝ።”

የዲንሳ ቃል፣ ያ በተዘጋ ጆሮዬ ሾልኮ የገባው፣ እንደ ደወል ተመልሶ መጣ፤ እግሯ ከደነዘዘ ቶሎ።

“አብዱልረሂም! አቁም!” ብዬ ወደ ሾፌሩ ጮህኩ። “ወራጅ አለ! በማርያም አቁም!”

*

አብዱልረሂም ሚኒባሱን ዳር አስይዞ አቆመና ዞሮ አየን። “እማማ፣ ሆሞሻ ገና ነው እኮ። ጫካ ላይ ልትወርጂ?”

“ልጅቷ ትመለሳለች። ሆስፒታል ትመለሳለች።”

“በምን ትመለሳለች? በእግር?”

“በእግሯማ ብትሄድ ምን ጨነቀኝ!” አልኩና በመጨረሻ አለቀስኩ።

ያን ጊዜ ኸድራ ወርዳለች። ቀሚሷን ሰብስባ፣ በሚኒባሱ መሰላል ላይ እግሯን አድርጋ፣ ገመዱን ትፈታለች። “አውርዱ!” ትላለች ወንዶቹን። “ዐንገሬቡን አውርዱ! ምን ታያላችሁ?”

“ኸድራ፣ የሙሽራ አልጋ ነው እኮ” አለ አብዱልረሂም። “ሰው ሳይተኛበት በሽተኛ…”

“አንተ ዝም በል። ነዕማ መሬት ይተኛ። ባልም መሬት ይልመድ፣ ገና ብዙ ያያል!”

አልጋው ወረደ። አዲስ ነው፣ ቢጫ፣ ቀርከሃው ገና ይሸታል፤ ተኝቶበት የሚያውቅ የለም። ልጅቷን ከወንበሯ እንዴት እናውጣት? ወንዶቹ በብብቷ ሊይዙ ሲሉ፣ “አይታጠፍ! ጀርባዋ አይታጠፍ!” ብዬ እጃቸውን መታሁ። አንዱ ከራሷ፣ አንዱ ከወገቧ፣ አንዱ ከእግሯ፣ እኔ ከጉብታዋ ሥር ሆነን፣ እንደ ሙሉ ግንድ፣ ሳንጠመዝዛት፣ ቀስ ብለን አወጣናት። እስትንፋሴን የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም።

መቀነቴን ፈታሁ። የወሎ መቀነት ነው፣ ይገረም የገዛልኝ፤ ስወልድም፣ ስቀብርም ወገቤን ያሰርኩበት። ነጠላዬን አጣጥፌ በግራ በቀኟ ጎን ወተፍኩና፣ እንዳትንከባለል ከአልጋው ጋር ከደረቷ እስከ ዳሌዋ ሳላጠብቅ አሰርኳት። መቀነቱ ከልጅቷ ተርፎ መሬት ነካ።

“እንደ ሕፃን ጠቀለልሽኝ” አለች ሰሎሜ፣ ፈገግ ለማለት ሞክራ።

“ሕፃን ነሽ። ዝም በይ።”

ከሆሞሻ በኩል ማንጎ የጫነ አይሱዙ መጣ። ኸድራ መንገዱ መሐል ቆማ እጇን ዘረጋች። ሾፌሩ ዋቅሹማ የሚባል፣ ራሱን በፎጣ የጠመጠመ ሰው፣ በመስኮት ብቅ ብሎ አልጋውን አየ፣ ልጅቷን አየ።

“ምነው እናንተዬ! ሙሽራ ነው የምታስጭኑኝ?”

“አሶሳ ሆስፒታል” አልኩት። “ወንድሜ፣ ስታሽከረክር እንዳታነጥራት።”

“ማንጎው ላይ ትተኛለች። ከኔ ፍራሽ ይሻላታል” አለና ወርዶ የኋላውን ሳንቃ ከፈተ።

እንዲህ ሆነን ተመለስን። የነዕማ አልጋ በማንጎው ላይ፣ ልጅቷ በአልጋው ላይ፣ እኔ ከራስጌዋ፣ ኸድራ ከግርጌዋ። ዋቅሹማ እንደ ጀልባ ይነዳል። እያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ማንጎው ሥራችን ይንሸራተታል፣ ይቀመጣል፣ ድንጋጤውን ይውጣል። ያ ነው እንግዲህ፣ በአንጓና በአንጓ መካከል ያለው ትራስ፣ አልኩ በልቤ። ዝናቡ መጣ፣ ግን እንደ ጤዛ ነበር፤ ፊቷ ላይ ያርፍና ይጠፋል። ከግራም ከቀኝም ቀርከሃው በመንገዱ ላይ አጎንብሶ ያየናል። የሠላሳ ምናምን ዓመት ጭጋግ ተመልሶ የመጣ መሰለኝ፤ ይገረም ከጎኔ ሆኖ ሊስቅብኝ የቀረበ መሰለኝ።

ከአንድ መንደር ውስጥ የዙምባራ ድምፅ ተሰማ። የበርታ ረጅም የቀርከሃ መለከት ነው፤ እያንዳንዱ ሰው አንድ ድምፅ ብቻ ይነፋል፣ የራሱን ነፍቶ ለሚቀጥለው ይለቃል፤ አንዱ ከጎደለ ዜማው ይሰበራል።

“ሠርግ ነው” አለች ኸድራ። ከዚያ የሰሎሜን ባዶ እግር፣ ጫማዋን ያወለቅንለትን፣ በመዳፏ ይዛ ታሸው ጀመር። “እዚህ ይሰማሃል?”

“ትንሽ።”

“እዚህስ?”

ሰሎሜ ሰማዩን ታያለች።

“ጀርባዋን እንዳትነኪ” አልኩ።

“እግር ነው ሐቦባ፣ እግር ብቻ። አንተ ደግሞ ትፈራለህ!”

*

ዲንሳ በሩ ላይ ነበር። ከጎኑ መለኪያ የያዘ ሰው አለ። ሲያየን አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጋውኑ ጭቃ እየነካው መጥቶ አይሱዙው ላይ ወጣ፣ ማንጎው መሐል ተንበረከከ።

እኔ ከሁሉ በፊት እጁን ያዝኩት። ያቺን ክፉ ቃል ሁለተኛ በአፌ ልጠራት አልቻልኩም፤ ስለዚህ የኸድራን ቃል ተዋስኩ።

“ዶክተር፣ ሱል ነው ወይስ ሰረጣን?”

አየኝ። ከዚያ ኸድራን አየ። ከዚያ ምን እንደ ሆነ ሲገባው ፊቱ ላይ አየሁ፤ ልክ መብራት ሄዶ እንደሚመጣው።

“ቲቢ!” አለ። “እማማ፣ ቲቢ ነው! ሱል ነው! የአጥንት ቲቢ! እኔ እኮ… ቲቢ ፈረንጅኛ ስለሆነ፣ ለእርስዎ አማርኛውን ልንገርዎት ብዬ…”

“ከዛሬ ወዲያ ፈረንጅኛውን ንገረኝ” አልኩት።

እሱ ግን እግሯ ላይ ነበር። ውስጥ እግሯን በብዕሩ ጫፍ ጫረ። “ሰሎሜ፣ አውራ ጣትሽን ወደ ራስሽ ሳቢው።”

ምንም አልሆነም። ዝናቡ በማንጎው ላይ ይንጠባጠባል። ዋቅሹማ ሞተሩን አጠፋ። ኸድራ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ እኔም የኔን እላለሁ፤ እሷ በአረብኛ፣ እኔ በግእዝ።

“አትቸኩዪ” አለ ዲንሳ። “እንደገና።”

ጣቷ ተንቀሳቀሰ። ትንሽ ነው፤ ገና እንቁላል ውስጥ ያለ ጫጩት እንደሚገፋው ያህል ነው። ግን ተንቀሳቀሰ።

“ገመዱ ተጭኖበታል፣ አልተበጠሰም” አለ ዲንሳ፣ ትንፋሹን ለቆ። “ዛሬውኑ መድኃኒት እንጀምራለን። ትተኛለች። ካልተሻላት ለቀዶ ጥገና እንልካታለን፤ ግን ደርሳችኋል። በመንገድ ላይ በዚህ አልጋ ባትመጣ ኖሮ…” አልጨረሰውም። “ከአልጋው እንዳታወርዷት። እንዳለች ግቡ።”

የነዕማ አልጋ እንዲህ ሆኖ ሙሽራ ሳያይ ሆስፒታል ገባ። ነዕማ መሬት ላይ ተሞሸረች፤ ባሏም ለመደ ይላሉ። ሰሎሜ መድኃኒቱን ጀመረች፣ ከወገቧ እስከ ብብቷ የሚይዝ ጠንካራ መታጠቂያም ተሠራላት። ቀዶ ጥገናውን እግዚአብሔር አስቀረልን። ከመታጠቂያው ላይ መቀነቴን ደርባ ታስራለች፤ አያስፈልግም ብንላትም።

የድባጤ ስልክ የተከፈተው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ሰሎሜ ያን ጧት የሆስፒታሉን ኮሪደር ግድግዳ ይዛ፣ እኔ ከኋላዋ እጄን ዘርግቼ፣ እስከ በሩ ሄዳ ተመልሳለች። ስልኩ ሲጮህ የወሰን ድምፅ ከሩቅ፣ በውኃ ውስጥ የሚመጣ ይመስል ነበር።

“እናቴ! ልጄ ታመመች አሉኝ። ምን ሆነች? ምንድን ነው አሉ?”

ስሙን ልነግራት ነበር። ከዚያ የማስቀድመውን አወቅሁ።

“ትድናለች” አልኳት። “ትሰሚኛለሽ ወሰኔ? ትድናለች። ቀጥ ብላ ነው የቆመችው፣ እያየኋት ነው። አሁን ስሙን ልንገርሽ።”